ያልደረቀው ግድግዳ

ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ መራገፍ ጀመረ። «ጀመረ» ስል ለራሴ እያደላሁ ነው፤ ቤቱን ከአባቴ ስወርሰውም ይራገፍ ነበር። አምቦ ውስጥ እንዲህ ያለ የእንጨትና የጭቃ ቤት ሞልቷል፤ ሰው በየበጋው የወደቀውን መርጎ፣ የተሰነጠቀውን ለስኖ በሰላም ይኖርበታል። እኔ ግን ሦስት በጋ ሙሉ «ዘንድሮስ አይቀርም» እያልኩ ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት አንሶላው ላይ የረገፈውን አፈር በመዳፌ ጠርጌ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አቧራ አይስማማትም። ደረቷ ውስጥ የሚያፏጭ ሳል አላት፤ ሌላ ቦታ ይተዋታል፣ አልጋችን ላይ ስትተኛ ይመለስባታል።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ሴት እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው። ስለዚህ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ጎጆ፣ እናቷ ዘንድ መሄዷ የማይቀር ነበር፤ ያልጠበቅኩት አንድ ወር ቀድማ መሄዷን ነው። አንድ ጠዋት አንሶላውን ደጅ አውጥታ አራግፋ ስትመለስ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎተተች። ላግዛት ጎንበስ ብል እጄን በቀስታ ከሻንጣው ላይ አነሳችው።

«ልጄን ከዚህ ግድግዳ ሥር አላስተኛም» አለችኝ።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስትቆጣ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ረጋ ብላ የተናገረችውን ግን ታደርገዋለች። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል፣ ከክርስትናው በኋላ ስትመጣ ክፍሉን ራሱን እንደማታውቀው ማልኩላት። ነጠላዋን እያስተካከለች እናያለን አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ችኩል ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት እያለች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትል ተረቱ ለእኔ ተብሎ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ችኩል ሰው ሰነፍ አይሆንም የሚል ካለ እኔን አላየም፤ ሦስት ዓመት የተኛሁበትን ሥራ በሦስት ቀን ልጨርስ የምነሳ ዓይነት ነኝ። ድንች ተቀቅሎ እስኪበስል መቀመጥ አልችልም፤ ክዳኑን ስከፍት ስዘጋ ያለ ጊዜው ውኃውን አስጨርሰዋለሁ። ባለቤቴ በዚህ ትስቅ ነበር። በግድግዳው ግን አልሳቀችም።

ልጃችን ሰኔ ላይ ተወለደች። ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል ማለት ነው። እንደተወለደች ሄጄ አየኋት። የጎጆ ብርድ የታወቀ ነውና በጋቢ ጠቅልለው ፊቷን ብቻ አሳዩኝ፤ ግንባሯ የአባቴን ይመስላል። ሳልጠግባት ለፈተና እርማት ተመለስኩ። ከዚያ ዝናቡ ጠና። መንገዱ አንዳንድ ቀን በጭቃ፣ አንዳንድ ቀን በሌላ ምክንያት ይዘጋል፤ ኔትወርክ ባለ ቀን ብቻ እንደዋወላለን። ባለቤቴ ልጅቷ እንዴት እንደምታዛጋ፣ መብራት ስታይ እንዴት እንደምትፈዝ ታወራኝና ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ግድግዳውስ?» ትለኛለች። ክርስትናው ካለፈ በኋላ አማቴ አብረዋት ሊመጡና ቤቱን በዓይናቸው ሊያዩ እንደወሰኑም የነገረችኝ እሷ ናት። ካልጣማቸው ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ይዘው እንደሚመለሱ ለጎረቤት ሁሉ ተናግረዋል። 

ሁለት መንገድ ነበር፤ ወይ ወረቀት መለጠፍ፣ ወይ መለሰን። ሁለቱንም በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ከሐዋሳ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ የወረቀት ደጋፊ ነበር፤ የተከራየውን ክፍል ጡብ በሚመስል ዎልፔፐር ሸፍኖታል። ከሩቅ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ነው፣ ሲጠጉት ወረቀት። አንድ ቀን በቂ ነው፣ ውኃ የለው፣ ጭቃ የለው ይለኛል። በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ ደግሞ ልጆቿን እዚሁ ሰፈር ያሳደገች ባልቴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ይላታል። የወረቀቱን ነገር ሳነሳባት ገረመመችኝ።

«ጭቃን የሚይዘው ጭቃ ነው» አለችኝ። «ወረቀት ምን አውቆ ይይዘዋል?»

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ጊዜ ነበረኝ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ግድግዳ የሚለስኑና ወረቀት የሚለጥፉ ሰዎች ሳይ እውላለሁ። የእነሱ ግድግዳ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው፤ የእኔው አንድ ቦታ ሆዱ ተነፍቷል፣ ሌላ ቦታ ማገሩ ይታያል። አንዱ ሲለጥፍ ሳይ ወረቀት ነው የሚያዋጣው እላለሁ፤ ሌላው ሲለስን ሳይ ደግሞ ልስን። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ወስኜ እነሳለሁ፣ የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ስደርስ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ድልድዩን ስንቴ እንደተሻገርኩ ያየኝ ሰው ዕቃ የጠፋብኝ ሳይመስለው አልቀረም።

በመጨረሻ የመረጠልኝ ችኮላዬ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ወረቀት ገዛሁ። ጡብ ያልሆነው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ በነጭ ላይ ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠል እንደ ሣር ወደ ላይ የወጣበት። አምሮኝ ነበር። ጀርባው ሙጫ አለው፣ ልጦ መለጠፍ ብቻ ነው ተባልኩ። ሁለት ቁራጭ ከመስኮቱ ጎን ለጥፌ ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ክፍሉ በእርግጥ ሌላ ክፍል መሰለኝ፤ ፎቶ አንስቼ ልልክላት ስልኬን ሳወጣ ከጀርባዬ ዷ አለ። ወረቀቱ ብቻውን አልወደቀም። ምርጊቱን ይዞት ወርዷል፤ ግድግዳው ላይ የማገሩ እንጨት እንደ ጎድን አጥንት ገጦ ቀረ። አዴ ድምፁን ሰምታ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ወረቀቱንም ማገሩንም አይታ ተመለሰች።

ስለዚህ ልስን ሆነ። ስለ ጭቃ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ልጅ ሆኜ ለደቦ ሲጠራሩ ከሰው መሐል ገብቼ ጭቃ ረግጫለሁ። አፈሩ ከጭድ ጋር ይረገጣል፣ ይሸፈናል፣ ይቀመጣል፤ በየጥቂት ቀኑ ውኃ እየጠጣ እንደገና ይረገጣል። ሲቦካ ይሸታል፤ ሽታው አፍንጫ ሲሰነፍጥ ነው ደረሰ የሚባለው። ያኔ ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር አንድ ይሆናል፤ በውስጡ የቀረ ፍሬ ቢኖርም አብሮ ይሞታል። ደግሞ ይህ የበጋ ሥራ ነው። በነሐሴ የሚለስን ሰው ወይ ቤቱ ፈርሶበታል ወይ እንደ እኔ ማሏል።

ጭድ ራሱ በክረምት አምቦ ላይ የለም። ለባለቤቴ ብነግራት አማቴ ከድንች ጋር በአይሱዙ ሁለት ማዳበሪያ ጭድ ላኩልኝ፤ እኛ የለመድነው የጤፍ ጭድ ሳይሆን የጎጆ የገብስ ጭድ። ደውለውም በደንብ ያልተበራየ ስለሆነ ፍሬ አለበትና በነፋስ አራግፈህ ተጠቀምበት አሉኝ። እሺ እማዬ አልኩ። ውጭ ዝናብ ነው፣ ነፋስ ከየት ይመጣል? ማዳበሪያውን እንዳለ ጭቃው ላይ ዘረገፍኩት። ሁለት ሌሊት አሳደርኩትና መለሰን ጀመርኩ። አዴ ጭቃው ምንም እንደማይሸት በአጥሩ ላይ ሆና አስተዋለች።

«ሱታ ዴማን ቆራቲን ሱታ ነማ ዋራንቲ» አለች፤ ቀስ ብሎ የሄደን እሾህም ቀስ ብሎ ነው የሚወጋው ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ እሾሁን ረግጬ ለመገላገል የምሮጥ ሰው ነበርኩ።

የመለሰኑ ሥራ ግን ደስ አለኝ። አልዋሽም። ጭቃውን በመዳፍ እያነሱ፣ ማገሩ ላይ እየመቱ፣ በእጅ ጀርባ እያለሰለሱ መሄድ ሌላውን ሁሉ ያስረሳል። በዚያ ክረምት እግሬ አንድ ቦታ የቆመው ያኔ ብቻ ነው። ስጨርስ ግድግዳው እርጥብ ጥቁር ሆኖ ያበራ ነበር፤ ልጄ ከሥሩ ተኝታ ታየችኝ።

ከዚያ መድረቁን መጠበቅ መጣ። ጠዋት ተነስቼ በጣቴ እነካዋለሁ፤ ጣቴ ይገባል። ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ ሌላ ቦታ እነካለሁ፤ እዚያም ይገባል። ከሳምንት በኋላ ግድግዳዬ በጣቴ ቀዳዳ ተወጋግቶ ወንፊት መሰለ። መስኮት ብከፍት ዝናብ ይገባል፣ ብዘጋ ክፍሉ ያልበዋል። ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁበት፤ ክፍሉ ሞቀ፣ ግድግዳው ከላይ ተሰነጣጠቀ፣ ከሥር ግን እርጥብ ነው። አዴ በየቀኑ ሰላምታዋን ታቀርብልኛለች፤ አካም፣ ልጅቷ ደህና ናት? እናትየውስ? ግድግዳውስ ደህና አደረ?

ባለቤቴም ትደውላለች። «ደረቀ?» ትለኛለች።

«ደርቋል ማለት ይቻላል» እላለሁ። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ይመጡ ነበር የምፈልገው። ባዶ አልጋ ሰልችቶኛል፤ ልጄ በስልክ ስታለቅስ እየሰማሁ ሽታዋን አለማወቄ ያንገበግበኛል። ቶሎ ደረቀ ካልኩ ቶሎ የሚደርቅ ይመስለኝ ነበር።

ክርስትናው ሲቃረብ ስንጥቁን አይቼ አፈርኩ። የተረፈው ወረቀት ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ቆሟል። ወረቀትና ልስን መምረጥ ያቃተው ሰው ሁለቱንም ቢያደርግ ምን ይገርማል? የራሱ ሙጫ እርጥቡን ግድግዳ አልይዝ ሲል ዱቄት አፍልቼ ሙጫ ሠራሁና ከጣሪያ እስከ ወለል ለጠፍኩት። ስለጥፍ ስንጥቆቹ ውስጥ እዚህም እዚያም ነጫጭ ሹል ነገር አይቻለሁ። ጭድ ነው ብዬ አለፍኩት። ለዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ የማስተምረው፣ ዘር ለመብቀል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ያስፈልገዋል እያልኩ ሰሌዳ የማጨማልቀው እኔ ነኝ። ውኃውንም ከሰሉንም አቀብዬ ጭድ ነው አልኩ። ክፍሉ ሲያልቅ ግን ያምር ነበር፤ በሩን ቆልፌ ወደ ጎጆ ሄድኩ።

ክርስትናው በሰላም አለፈ። መንገዱ በጭቃ ስለተያዘ ካሰብነው በላይ ቆየን፤ ለእኔ ደስ የሚል ቆይታ ነበር፣ ልጄን አንድም ቀን ከእጄ አላወረድኳትም። ክፍሉን እንዴት እንዳሳመርኩት ለባለቤቴ አውርቼ አልጠገብኩም፤ እሷም ቀስ በቀስ ማመን ጀመረች። መንገዱ ሲከፈት አራታችን አምቦ ገባን። አማቴ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና የገብስ ቆሎ ተሸክመዋል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የገቡት ግን እሳቸው ናቸው።

ሽታው ቀድሞ ተቀበለን፤ የከረመ እርጥብ ምድር ቤት ሽታ። ወረቀቱ ሆዱ እዚህም እዚያም አብጧል። ቢሆንም ቅጠሉ ያምራል፤ አማቴ ቆም ብለው ዓይናቸውን አጥብበው አዩትና፣ ወረቀትም እንዲህ ሕይወት ያለው ነገር ይሣልበታል እንዴ እያሉ አደነቁ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ሲነኩት ቅጠሉ ተወዛወዘ። ሳብ አደረጉት። ነጭ ሥሩን ይዞ መጣ።

ለረጅም ጊዜ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። የጎጆ ሰው ገብስ አይስትም።

«ኩን ገርቡ ኬኛ ሚቲ?» አሉ። የእኛ ገብስ አይደለም እንዴ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እኔም ያየሁት። ወረቀቱ በሚጋጠምበት ሁሉ የእውነቱ ቅጠል ከታተመው ጋር ተሰልፎ ወጥቷል። ወረቀቱን ያሳበጠውም ከሥሩ ታጥፎ መውጫ ያጣው ቡቃያ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ ልጅቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ደፉ ላይ ቆማለች፤ እግሯን ወደ ክፍሉ አላስገባችም። ከዚያ ያ የሚያፏጭ ሳል ሲጀምራት ሰማሁት። ጎጆ በነበርንበት ጊዜ ሁሉ አንዴም አልሳለችም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ የፈራሁት ይህችን ደቂቃ ነበር፤ አማቴ ልጃቸውን እጇን ይዘው የሚወጡበትን ደቂቃ። እሳቸው ግን ቡቃያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በጣቴ የወጋጋሁት ቀዳዳ ከወረቀቱ ሥር ሰርጉዶ የታየበትን አዩ። አዘኑልኝ መሰለኝ። ምንም አይደል፣ አልጋውን ወደ ሳሎን እናወጣዋለን፣ ይህን በር እንዘጋዋለን፣ ሰው ተቸግሮም ይኖራል አሉ። የምፈልገውን በእጄ አስቀመጡልኝ ማለት ነው። ሳሎኑ ግን ይህንኑ ግድግዳ ነው የሚጋራው። ሚስቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስላለች፣ በሳሏ ቁጥር የልጄ ትንሽ ራስ አብሮ ይነቃነቃል።

«እማዬ፣ ይውሰዷቸው» አልኩ።

ይህንንም ቸኩዬ ነው የተናገርኩት፤ ባስብበት ኖሮ አልለውም ነበር። ባለቤቴ ሳሏን ውጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪደርቅ። ሲደርቅ እደውልልሻለሁ።»

«አንተ ሁልጊዜ ደርቋል ነው የምትለው» አለች።

 ያን ቀን አዴ ቤት አደሩ፤ አዴ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። በማግሥቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የመሥሪያ ቤቷ የወሊድ ፈቃድ ገና ስላላለቀ ከሥራ በኩል የሚያስቸኩላት የለም፤ የምቸኩለው እኔ ብቻ ነኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ ልጅቷ ተኝታ ነበር።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ገፈፍኩ። ከዚያ መስኮቱን ከፈትኩና ተውኩት። እንዲህ በሁለት ዓረፍተ ነገር ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ መተው ለእኔ ከመለሰን ይከብዳል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በሩ ላይ ቆሜ አይና እመለሳለሁ፤ ተመልሼም እሄዳለሁ። ብርሃን ያገኘው ቡቃያ ለጥቂት ቀን አደገ፣ ከስንዝር አለፈ፣ ግድግዳው እርሻ መሰለ። ልነቅለው ስል እጄን መለስኩ፤ እሱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ግድግዳው ውኃ አለው ማለት ነው። ዓውደ ዓመቱን ብቻዬን ዋልኩ። ዝናቡ ቆመ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ፀሐይ በመስኮቱ መግባት ጀመረች። የገብሱ ጫፍ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እስከ ሥሩ ደርቆ ወደ ጭድነቱ ተመለሰ። ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ደፈንኩት፤ ይህኛው ጭቃ አዴ እንኳን አፍንጫዋን እስክትይዝ ድረስ የቦካ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለቤቴ ደወለች። በስልክ ልጅቷ ድምፅ ታወጣለች፤ ለቅሶ አይደለም፣ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። ነፍሴ ተነስታ ጎጆ ሄደች። ስለ ልጅቷ አወራችኝ፣ ስለ ብርዱ አወራችኝ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ።

«ግድግዳውስ? ደረቀ?»

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። የእጄን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩት፤ ደረቅና ለብ ያለ ነበር። ደርቋል የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው እግር በስተጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበትን ጥግ ነካሁ። እዚያ ቅዝቃዜ ነበረው፤ እርጥበት ይሁን ጥላ ለመለየት አልቻልኩም።

«ገና ነው» አልኩ።

  ከሄደች ጀምሮ ያልሰማሁትን ሳቋን ሰማሁ።

«አንተ ገና ነው ካልክማ ደርቋል ማለት ነው» አለች። «ቅዳሜ እንመጣለን።»

እስከ ቅዳሜ ግድግዳውን አልነካሁትም።